ዙር ቆጠራ

መቶ አስራ ሁለት። መቶ አስራ ሦስት።
አታናግሩኝ፣ ዙር ላይ ነኝ።
አንዲት ዙር ብታመልጠኝ
ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ይቃጠላል፣
የአጋሮው ቡና ሳይፈለፈል ያድራል፣
ጋሽ ሸምሱም ዝም ብሎ ያየኛል።
የእሱን ዝምታ ከማየት
ስድብ መጥገብ ይሻላል።

ጥቅምት ገብቶም ዝናቡ ጅማን አልለቀቀም፤
ከአጂፕ ቁልቁል ጎርፉ ጭቃ ያግዛል፣
ቆርቆሮው ይጮኻል፣ የቫርኒሽ ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፣
ስልኬ ከመፍቻዎቹ መሀል ፊቱን ደፍቶ ተኝቷል።
ምደባው ከትናንት ወዲያ ወጥቷል፦
ነጅሚያ ጣሃ አባመጫ፣ ጅግጅጋ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ።
(የፊዚክስ መምህር ስላልነበረን የመረጥኩት ዘርፍ።)
አጥሩን ታክኬ ያደግሁት ግቢ
እዚሁ ደጄ ላይ ቆሞ ሳለ
የጠራኝ ሌላ ነው፤ አገር አቋርጪ አለ።

እናቴ ሒርማታ ገበያ፣ ኮረሪማዋን ሳትዘረጋ
ወሬውን ዘርግታው ነበር ገና ሲነጋ።
ደንበኛ "ስንት ነው?" ቢላት
"ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች" አለችው፣ ዋጋ የነገረችው መስሏት።
እኔን ግን ምንም አልጠየቀችኝ።
ማታ ጥፍሬ ስር የገባውን ጥቁር
በሎሚ ስትፈገፍግ አመሸች።

የወንድሜ የረሺድ ዲግሪ
ከሶፋው በላይ በመስታወት ተሰቅሏል፤
እሱ ግን ፍርድ ቤቱ ደጅ፣ በፕላስቲክ ጠረጴዛ፣
የሰው አቤቱታ ይጽፋል፣
በገጽ ይከፈላል።
"ተቆጭተሃል?" አልኩት።
"በሥራው አዎ" አለ፣ "በአራቱ ዓመት አይደለም።
ስምንት ሆነን አንድ ዶርም፣ አንዱ የአፋር ልጅ፣ አንዱ የጎጃም፣
ሌሊቱን ስንከራከር ነው ያወቅሁት
ከቦዬ ረግረግ ማዶም ዓለም እንዳለ።
እሱን ማን ይቀማኛል?"
ብሎ ወደ ወረቀቱ ዞረ።
"ለተከበረው" የምትለዋን ቃል
ከማንም አሳምሮ ይጽፋታል።

ጋሽ ሸምሱስ?
ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። በዚያ እጁ
ሁለት ቤት ሠራ፣ ሦስት ልጅ ዳረ፣
የቆጪን ወፍጮ ሁሉ በድምፁ ይለየዋል፤
"ያ የሚያስለው የከሊፋ ነው" ይላል።
"ሴት ልጅ ምን ታደርግልሃለች?" ቢሉት
"መዳብ ጾታ አይጠይቅም" አለ፣ ወሬው በዚያው ቀረ።
ግን ሰኔ ላይ አንድ አዲስ ማሽን መጣ፣
ሆዱ ውስጥ እንደ ብስኩት የሳሳ ካርድ ያለው።
ሦስት ቀን ፈታታው፣ ሦስት ቀን ገጠመው፣
በሰባተኛው ባለቤቱን "አዲስ አበባ ውሰደው" አለው።
ያን ቀን ምሳ አልበላም።
"እጄ ያውቃል" አለኝ ከኋላዬ ቆሞ፣
"ለምን ስለው ግን አይመልስልኝም።"

ይህን ለማን ልንገር?
እናቴ ብትሰማ "አላልኩሽም!" ትላለች፤
ጅግጅጋ ያለው ክፍል ግን
ስለ መዳብ አንድ ቃል አያነሣም።
ፖሊ ቴክኒኩ አለ፣ የማታው።
አክስቴ "የወደቀ ነው እዚያ የሚገባው" ትላለች፤
ቤቷ መብራት የጠፋ ለታ
የምትደውለው ለእኔ ነው።

ምዝገባው ሰኞ ነው።
የመናኸሪያው ልጅ ወንበር ይዞልኛል፤
ጋሽ ሸምሱ መቁረጫ ገዝቶልኛል፣
ቀይ እጀታ ያለው፣ ለእጄ ልክ የሆነ።
ምረጪ ያለኝ የለም።
ሁሉም የሚሰጠኝ እንደ ስጦታ ነው።

መቶ አስራ…
ጠፋብኝ።
ጋሽ ሸምሱ ቀና አላለም፤
እጄ ሲቆም ግን ሰምቶታል።
"ፍቺው" አለ። "ሽቦ አይቀየምም።"

ፈታሁት።
መዳቡ የያዘውን ቅርጽ ሳይረሳ
እየተጠማዘዘ ጭኔ ላይ ወረደ።
ሽቦስ ይፈታል፣ ተመልሶ ይጠቀለላል፤
አራት ዓመትስ?
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቆጥራል፣
እሱም ይጠፋበትና ከአንድ ይጀምራል።

አንድ።
ሁለት።